ባይፓስ የተሠራለት ሰው ሀርት አታክ ሲይዘው፦ ከደሴ ድንገተኛ ክፍል እስከ አዲስ አበባ ካትላብ

ደረቱ መሀል ከላይ እስከ ታች የወረደ ጠባሳ ያለው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሁለት ዓይነት ስህተት ይጠብቀዋል። አንደኛው «ልቡን ህንድ ሄዶ አሠርቷል እኮ፤ ይሄ ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ሌላው «ይሄማ የእኛ አቅም አይደለም» ተብሎ፣ አስፒሪን እንኳ ሳይቀምስ፣ ሪፈር ተጽፎለት አምቡላንስ ላይ መጫን ነው። ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

ባይፓስ ማለት የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ደም ሥር ደሙን በጎን ማሳለፍ ነው። የተሠራለት ሰው ልቡ አዲስ አልሆነም። የተቀጠለለት ደም ሥር ራሱ ሊዘጋ ይችላል። የድሮው በሽታም በነበሩት ደም ሥሮች ውስጥ ሥራውን አላቆመም። ስለዚህ ደሴም እንሁን ወልዲያ፣ ከሚሴም እንሁን መካነ ሰላም፣ እዚሁ መሥራት የምንችለውን ሠርተን ነው መላክ ያለብን። እዚሁ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ነው።

ይሄን የምጽፈው በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ተረኛ ለምትሆኑ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው። አስታማሚም ቢያነበው የሚጠቅመው ነገር አለ። መጠን የተጻፈባቸውን መድኃኒቶች ግን ማንም ቤቱ ውስጥ እንዳይሞክራቸው።

1. የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

ደረቱን ይዞ የገባ ሰው ካርድ ክፍል አይሰለፍም። ካርዱን አስታማሚው ያውጣ፤ እሱ በቀጥታ አልጋ ላይ ይውጣ። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) በ10 ደቂቃ ውስጥ ይነሳ። እስከዚያ አንዱ ነርስ ቫይታል ሳይን ይለካ፣ ሌላው የደም ሥር መስመር ይክፈት፣ ሞኒተርና ዲፊብሪሌተር አጠገቡ ይሁን። የልብ ምት የሚዛባውና ሰው በድንገት የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

የደም ግፊቱን በሁለቱም ክንድ ለኩ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለባይፓስ የሚያገለግለው የደረት አርተሪ (ከልብ የወጣ ደም የሚያመላልስ ደም ሥር) የሚነሳው ወደ ግራ ክንድ ከሚሄደው ትልቅ ደም ሥር ነው። የግራው ክንድ ግፊት ከቀኙ በ15 ወይም በ20 ካነሰ፣ ያ ትልቅ ደም ሥር ጠቦ የተቀጠለው አርተሪ ደም አጥሮት ሊሆን ይችላል። የአዎርታ መሰንጠቅም እንዲህ ያለ ልዩነት ያመጣል። እሱ ደግሞ የደም መርጋት ማሟሟቻ ቢሰጠው የሚሞት በሽተኛ ነው።

ሕመሙን ስትጠይቁ የአገራችንን አነጋገር አትርሱ። እኛ አገር «ልቤን አመመኝ» የሚል ሰው ጨጓራውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ጨጓራዬ ተነሳ»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ቃሬ አላስተኛኝ» የሚል ሰው ደግሞ ልቡን ሊሆን ይችላል። ስሙን ተዉትና ምን ሲሠሩ እንደጀመራቸው፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ እንደሄደ፣ እንዳላባቸው ጠይቁ። ባይፓስ ለተሠራለት ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፦

«አባባ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይይዝዎት እንደነበረው ዓይነት ነው?»

«አዎ፣ እሱው ነው፤ ተመለሰብኝ» ካሉ፣ ኢሲጂው ምንም ቢመስል እመኗቸው። በሽታቸውን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስኳር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ግን ሕመም ላይሰማቸው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ማላብ፣ ማስመለስ ወይም ዝም ብሎ መዛል ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

2. ጠባሳውን አንብቡ፣ ወረቀቱን ፈልጉ

የደረት ጠባሳ ሁሉ ባይፓስ አይደለም። አገራችን ውስጥ በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት የልብ በር (ቫልቭ) የተቀየረለት ብዙ ወጣት አለ። ሲወለድ ጀምሮ በነበረ የልብ ችግር የተሠራለትም አለ። ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) እየወሰደ ሊሆን ይችላል። ያኔ የምንሰጠው ነገር ሁሉ ይለወጣል። ስለዚህ ጋቢውን ገለጥ አድርጉና እግሩን እዩ። ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ወይም ወደ ጭን በውስጥ በኩል የሚወጣ ጠባሳ ካለ፣ የእግር ቬን (ደም ወደ ልብ የሚመልስ ደም ሥር) ተወስዶለታል፤ ባይፓስ ነው ማለት ይቻላል። ክንዱ ላይ በመዳፍ በኩል ረጅም ጠባሳ ካለ የክንድ አርተሪ ተወስዷል። በካሜራ ከተወሰደ ግን ጠባሳው ትንንሽ ስለሚሆን በደንብ ፈልጉ።

የእግር ቬንና የደረት አርተሪ ዕድላቸው አንድ አይደለም። አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ የእግር ቬን ተጠቅሞ ባይፓስ ከሠራ ወዲህ ቬኑ የዚህ ቀዶ ሕክምና ዋና ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ቬን ግን የተፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ላለው ደም ነው። የአርተሪን ግፊት ሲሸከም ግድግዳው ይወፍራል፣ ውስጡም ስብ ይጋገርበታል። ከተቀጠሉት ቬኖች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋሉ። በ10 ዓመት ግማሽ ያህሉ ተዘግተው ወይም ክፉኛ ጠበው ይገኛሉ። ከግራ ደረት ውስጥ የሚወሰደው አርተሪ ግን ከ10 ዓመት በኋላም ከ10 ሰዎች በ9ኙ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

«መቼ ነው የተሠሩት?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ወር የመጣ ሀርት አታክ ብዙውን ጊዜ ከስፌቱ ወይም ከአዲሱ ቅጥል ችግር የተነሳ የደም መርጋት ነው። እስከ አንድ ዓመት ከሆነ ግድግዳው ወፍሮ ነው። ዓመታት ካለፉ፣ ያረጀ ቬን ውስጥ ስብ ተጋግሮ ተሰንጥቋል፤ ወይም ያልተቀጠለው የራሱ ደም ሥር ተዘግቷል።

አሁን ወረቀቱ። የወሎ ሰው ባይፓስ የሚሠራለት ብዙውን ጊዜ ርቆ ሄዶ ነው፤ ህንድ፣ ታይላንድ፣ ቱርክ፣ ወይም ልጅ ያለበት ዓረብ አገር። መውጫ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። አስታማሚውን ወዲያው ስልክ አስደውሉት። ቤት ያለ ሰው ሳጥኑን ይክፈትና ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክ። ሪያድ ወይም ጂዳ ያለችው ልጅ ጋ ካለ በኢሞ ትላከው። በጣም የምትፈልጉት ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ሊማ ቱ ኤልኤዲ» የሚል ካያችሁ የግራ ደረት አርተሪ ወደ ፊተኛው የልብ ደም ሥር ተቀጥሏል። «ኤስቪጂ ቱ ኦኤም»፣ «ኤስቪጂ ቱ አርሲኤ» የሚሉት የእግር ቬን ወደ ጎንና ወደ ቀኝ ደም ሥር መቀጠሉን ይናገራሉ። ይሄን ሪፈሩ ላይ እንዳለ ገልብጡት። አዲስ አበባ ካትላብ (ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብተው የልብን ደም ሥር የሚያዩበትና የሚከፍቱበት ክፍል) ያለው ሐኪም ወርቅ እንደላካችሁለት ይቆጥረዋል።

ወረቀቱ እስኪመጣ ግን ሕክምና አይቆምም።

3. ኢሲጂ፦ ከድሮው ጋር አስተያዩት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ባይፓስ የተሠራለት ሰው ኢሲጂ ከመጀመሪያውም ንጹህ ላይሆን ይችላል። የድሮ ሀርት አታክ ምልክት፣ የተገለበጠ ቲ ሞገድ፣ የግራ ባንድል ብሎክ (በልብ ግራ በኩል የኤሌክትሪክ መተላለፊያው መዘጋት)፣ ከቀዶ ሕክምናው የቀረ ለውጥ፣ ሁሉም ሊኖርበት ይችላል። የድሮ ኢሲጂ ካለ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ድሮ የነበረ ለውጥ አያስደንግጣችሁ። ድሮ ያልነበረ ትንሽ ለውጥ ግን ያስደንግጣችሁ።

እነዚህ በሽተኞች ጥርት ያለ የኤስቲ (ኢሲጂው ላይ ከትልቁ ሞገድ ቀጥሎ ያለው መስመር) መነሳት ይዘው የሚመጡት ከሌላው በሽተኛ ባነሰ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኤስቲ ወደ ታች የወረደበት ወይም ምንም የማይመስል ኢሲጂ ነው የሚታየው። ስለዚህ አንድ ኢሲጂ አንስቶ «ኖርማል ነው» ማለት አይበቃም። ሕመሙ ካለ በየ15 እና በየ30 ደቂቃው ድገሙት።

ሦስት ቦታዎችን በተለይ እዩ። ወደ ጎን የሄደው ቬን ሲዘጋ በተለመዱት 12 ሊዶች (ኢሲጂው ልብን የሚያይባቸው አቅጣጫዎች) ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ቪ1 እስከ ቪ3 ላይ ኤስቲ ወርዶ ካያችሁ፣ ወይም ኢሲጂው ዝም ካለና ሕመሙ ከቀጠለ፣ ኤሌክትሮዶቹን ወደ ጀርባ አዙሩና ቪ7 እስከ ቪ9 አንሱ። እዚያ ግማሽ ሚሊሜትር መነሳት ይበቃል። የታችኛው ክፍል (ሊድ 2፣ 3፣ ኤቪኤፍ) ከተነሳ ደግሞ በቀኝ በኩል ቪ4አር አንሱ፤ የቀኙ ልብ ከተጎዳ ናይትሮግሊሰሪን ግፊቱን ያወርደዋል። ብዙ ሊዶች ላይ ኤስቲ ወርዶ ኤቪአር ላይ ብቻ ከተነሳ፣ ዋናው የግራ ደም ሥር ወይም ብዙ ደም ሥር በአንድ ጊዜ ደም አጥሮታል። ያ ሰው ሌላ ሰው አይቀድመውም።

የግራ ባንድል ብሎክ ሲኖር አንድ ነገር ያዙ። ኪውአርኤስ (ትልቁ የምት ሞገድ) ወደ ላይ በሆነበት ሊድ ላይ ኤስቲም አብሮ 1 ሚሊሜትር ከተነሳ፣ ወይም ቪ1 እስከ ቪ3 ላይ ኪውአርኤስ ወደ ታች ሆኖ ኤስቲም አብሮ 1 ሚሊሜትር ከወረደ፣ ሀርት አታክ ነው ብላችሁ ተነሱ።

ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ መጎዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) መጀመሪያ ሲገባና ከ3 ሰዓት በኋላ ይደገም። መሣሪያው የድሮው ዓይነት ከሆነ እስከ 6 ሰዓት ይጠበቃል። ኤስቲ ተነስቶ ከታየ ግን ላቦራቶሪ አትጠብቁ። ሰውየው ከተሠራ ገና ቀናት ብቻ ከሆነው ደግሞ ትሮፖኒን በቀዶ ሕክምናው ብቻ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይነግራችሁም።

4. መድኃኒት

አስፒሪን 300 ሚሊግራም ይታኘክ። በየመድኃኒት ቤቱ ያለው ባለ 81 ሚሊግራሙ ከሆነ አራት ፍሬ። «ጠዋት አንድ ወስጃለሁ» ቢሉም ስጡ። የሚከለክለው እውነተኛ አለርጂ ወይም እየፈሰሰ ያለ ደም ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ያላችሁ፣ ምንም ሌላ ነገር ባይኖራችሁ እንኳ ይሄን ሳትሰጡ በሽተኛ አትሸኙ።

ክሎፒዶግሬል 300 ሚሊግራም ይጨመራል። የደም መርጋት ማሟሟቻ የሚሰጠው ሰው ከ75 ዓመት በላይ ከሆነ ግን 75 ሚሊግራም ብቻ። ከዚያ ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን። ኢኖክሳፓሪን በክብደት ነው፤ በኪሎ 1 ሚሊግራም በቆዳ ሥር በየ12 ሰዓቱ። ማሟሟቻ ለሚሰጠውና ከ75 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጀመሪያ 30 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል። ከ75 በላይ ከሆነ የደም ሥሩ ይቀርና በኪሎ 0.75 ይሆናል። ኩላሊቱ ክፉኛ ከደከመ በቀን አንዴ ብቻ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከሆነ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካ ምርመራ) ሳታዩ ሄፓሪን አትጀምሩ።

ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ሕመሙን ያስታግሳል። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ከሆነ፣ ወይም ቪ4አር ከተነሳ አይሰጥም። የወንድነት ማነቃቂያ ክኒን (ሲልዴናፊል) በ24 ሰዓት ውስጥ የወሰደ ሰውም አይሰጠውም፤ ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት። ይሄን ጥያቄ ልጆቻቸው ፊት የጠየቃችኋቸው አባት እውነቱን አይነግሯችሁም። አስታማሚውን «እስቲ ውኃ ገዝተህ ና» ብላችሁ ላኩና ለብቻቸው ጠይቁ።

ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ለሆነ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ጤነኛ ሰውም 93 እና 94 ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ አስደንግጧችሁ የማያስፈልገው ሰው ላይ ማስክ አታድርጉ።

አሁን ደግሞ አንድ ልማድ። ድንገተኛ ክፍላችን ውስጥ «ሕመም» ከተባለ እጃችን ወደ ዳይክሎፌናክ መርፌ ይሄዳል። ለዚህ በሽተኛ አይሆንም። ዳይክሎፌናክና ዘመዶቹ ሀርት አታክ ያለበትን ሰው ይጎዳሉ። በተጨማሪም ጡንቻ ላይ የተወጋ ሰው ማሟሟቻ ሲሰጠው ቂጡ ላይ ደም ይቋጥራል። ሕመሙ ካልቻለ ሞርፊን 2 እስከ 4 ሚሊግራም በደም ሥር፣ ቀስ ተብሎ።

አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም ዛሬውኑ ይጀመር። ቤታ ብሎከር ግን ሳንባው ውስጥ ውኃ ላለበት ወይም ግፊቱ ለወረደ ሰው አትቸኩሉ።

5. ማሟሟቻ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

ተመራጩ ሕክምና ካትላብ ገብቶ የተዘጋውን መክፈት ነው፤ ያውም ኢሲጂው የኤስቲ መነሳት ካሳየ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ መድረስ ከተቻለ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሒሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ኤስቲ ተነስቶ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካልሞላውና የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ ማሟሟቻው እዚሁ ነው የሚሰጠው። ውሳኔው ከተወሰነ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢጀመር ደግ ነው።

«ልቡ ተቀዷል፣ ማሟሟቻ አይሰጠውም» የሚባለው ልክ አይደለም። የቆየ ባይፓስ ክልከላ አይሆንም። የሚከለክሉት እነዚህ ናቸው፦ ቀዶ ሕክምናው ገና ሳምንታት ብቻ ከሆነው፣ ከዚህ በፊት ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈስሶ ከነበረ፣ በቅርብ ወራት ስትሮክ ከመታው፣ ደም እየፈሰሰው ከሆነ፣ የአዎርታ መሰንጠቅ ከተጠረጠረ። ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይውረድ። ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ሳትጨነቁበት አትለፉ።

ኤስቲ ካልተነሳ ማሟሟቻ አይሰጥም። ትሮፖኒን የቱንም ያህል ከፍ ቢል አይሰጥም። ጥቅም የለውም፤ የሚተርፈው የደም መፍሰስ ነው።

ስትሬፕቶካይኔዝ ከሆነ ያላችሁ፣ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በግሉኮስ ድሪፕ ውስጥ። ግፊቱን በየ5 ደቂቃው ለኩ፤ ከወረደ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ከዚህ በፊት ስትሬፕቶካይኔዝ የወሰደ ሰው ዳግም አይሰጠውም። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ከዚያ በፊት ሀርት አታክ አልፎበት ሊሆን ስለሚችል ይሄን መጠየቅ ግድ ነው። ቴኔክቴፕሌዝ ካለ በክብደት አንዴ ይወጋል፤ ከ60 ኪሎ በታች 30 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየ10 ኪሎው 5 እየጨመረ ከ90 ኪሎ ጀምሮ 50 ላይ ያቆማል። ከ75 ዓመት በላይ ግማሹ።

ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂ ድገሙ። የተነሳው ኤስቲ ቢያንስ በግማሽ ካልወረደ ወይም ሕመሙ ካልለቀቀ ማሟሟቻው አልሠራም። ያረጀ የእግር ቬን ሲዘጋ ውስጡ የሚከማቸው የረጋ ደም ብዙ ነው፤ ደለል እንደሞላው ቦይ በትንሽ ውኃ አይጠረግም። ስለዚህ በዚህ በሽተኛ ማሟሟቻ የመክሸፍ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ውጤቱን እስክታዩ ድረስ ስለ ጉዞው ማሰብ አትጀምሩ ማለት ግን አይደለም። መድኃኒቱ ሲጀመር ሊያዞኑ (ከተቀባይ ሆስፒታል ጋር የሚያገናኘው ባለሙያ) ስልክ ይደውል።

6. ልቡ ቢቆም

አንዳንድ ነርስ የደረት ጠባሳ ሲያይ እጁ ይፈራል። ደረቱ ተከፍቶ የተዘጋው በብረት ሽቦ ነው፤ አጥንቱ በወራት ውስጥ ገጥሟል። እንደማንኛውም ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች ተጫኑ። ምቱ በኤሌክትሪክ የሚመለስ ዓይነት ከሆነ ዲፊብሪሌተሩን እንደተለመደው ተጠቀሙ። ልዩ አሠራር ያለው ቀዶ ሕክምናው ገና ቀናት ብቻ የሆነው ሰው፣ ያውም የቀዶ ሕክምና ቡድኑ ባለበት ቦታ ነው።

7. ጉዞው

ማሟሟቻ የተሰጠው ሰው፣ ቢሠራለትም ባይሠራለትም፣ ወደ ካትላብ መሄድ አለበት። ከሠራ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ካልሠራ አሁኑኑ። ኤስቲ ያልተነሳበት ሰውም ሕመሙ አልለቅ ካለው፣ ግፊቱ ከወረደ፣ ሳንባው ውኃ ከሞላ ወይም ምቱ ከተዛባ እንደ አስቸኳይ ይቆጠር።

ያልረጋ በሽተኛ ከኮምቦልቻ በመንገደኛ አውሮፕላን አይሳፈርም። የረጋ ከሆነ አየር መንገዱ የሐኪም ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ቀድማችሁ አዘጋጁ። በመኪና ከሆነ መንገዱን በሐሳባችሁ ሂዱበት። ከኮምቦልቻ በከሚሴ አድርጎ እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ ቆላ ይወርዳል። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ደሴ ላይ ኦክስጅኑ 91 የነበረ ሰው እዚያ 85 ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ «ሙሉ ነው» የሚባለውን አትመኑ።

አብሮ የሚሄደው ነርስ ምት ማንበብና ዲፊብሪሌተር መጠቀም የሚችል ይሁን። ሁለት የደም ሥር መስመር፣ የግፊት መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ አሚዮዳሮን፣ የተሞላ ባትሪ። ሊያዞኑ ተቀባይ ሐኪም ስም ይዞ ይላክ፤ አልጋ ሳይገኝ የተላከ በሽተኛ አዲስ አበባ ከበር በር ሲዞር ይውላል። ሪፈሩ ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ማሟሟቻው የተጀመረበትን ሰዓት፣ የተሰጠውን ሁሉ ከነመጠኑ፣ የሁለቱን ክንድ ግፊት፣ ክሬቲኒን፣ የባይፓሱን ዓመትና ቅጥሎቹን ጻፉ። ኢሲጂዎቹ በሙሉ፣ የድሮውም ጭምር፣ አብረው ይሂዱ።

8. ካትላብ ውስጥ ምን ይሠራል?

ቤተሰብ ይጠይቃችኋልና ባጭሩ። ሐኪሙ በግራ እጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ገብቶ የራሱን ደም ሥሮችና ቅጥሎቹን አንድ በአንድ ያያል። የተዘጋው ቬን ከሆነ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ሲገባ ፍርስራሹ ወደ ታች ሄዶ ትንንሾቹን ደም ሥሮች ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ ቬኑን ትቶ በድሮው ደም ሥር በኩል መክፈትን ይመርጣል። የቅጥሎቹ ቦታ ካልታወቀ ፍለጋው ብዙ ቀለም (ኮንትራስት) ይፈጃል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። የወረቀቱ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው የሚከፍለው። ዳግም ቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚደረግ ነው።

9. ተመልሶ ሲመጣ

ስቴንት የገባለትም ያልገባለትም፣ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር አብረው ይወሰዳሉ። ከዚያ አስፒሪኑ ይቀጥላል። «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ ስቴንቱን ሊያዘጋ ይችላል። ጨጓራው የሚያስቸግረው ከሆነ ከኦሜፕራዞል ይልቅ ፓንቶፕራዞል ይታዘዝለት፤ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ጉልበት ይቀንሳል። ስታቲኑ አይቋረጥም፤ ኤልዲኤል ኮሌስትሮል ከ55 በታች እንዲወርድ ነው የምንፈልገው። ግፊትና ስኳር እንደወትሮው።

ስለ ጫት በግልጽ ተነጋገሩ። ወሎ ውስጥ ዱዓ ላይም ጨዋታ ላይም አለ፤ «ተዉት» ብሎ ማለፍ አይሠራም። ጫት ምትና ግፊት እንደሚጨምር፣ የልብን ደም ሥር ሊያኮማትር እንደሚችል፣ አንድ ጊዜ የተዘጋ ልብ ደግሞ ይሄን እንደማይችል አስረዷቸው። ዱዓው ላይ መቀመጥ አልተከለከለም፤ ቡናው አለ። ሲጋራ ግን ምንም ድርድር የለውም።

ጾም ሌላው ነው። ጠዋት የሚወሰደው ክኒን «ጾሜን ያፈርሰዋል» ተብሎ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይረሳል። ረመዳን ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይዘለላል። ሀርት አታክ ካለፈ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጾም አይገባም። ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ሐኪም ሲናገር ካልሰሙ የንስሐ አባታቸው ወይም ኢማማቸው ይንገሯቸው፤ ይሰማሉ። ከረጉ በኋላ መጾም ከፈለጉ መድኃኒቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሑር፣ ወይም ወደ ማታ እናዛውረዋለን። ራሳቸው ግን አያዛውሩት።

10. ለአስታማሚ

ቤት ውስጥ ባይፓስ የተሠራለት ሰው ካለ፣ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትና ጥሩ በሆነበት ቀን የተነሳ ኢሲጂ ፎቶ አንስታችሁ የሦስት ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ። ዋናውን ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ቁልፉን ይዛችሁ ገበያ አትሂዱ። ሕመሙ ሲነሳ ቁጭ ይበሉ፣ ናይትሮግሊሰሪን ታዞላቸው ከሆነ አንድ ፍሬ ከምላስ ሥር ያድርጉ። በ5 ደቂቃ ካልለቀቀ አስፒሪን አኝከው ጉዞ ወደ ሆስፒታል ነው። ራሳቸው መኪና አይንዱ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ እስኪመጣም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «አብሽሩ» እስኪል አይጠበቅም። ሆስፒታል በር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል «ደረታቸውን አሟቸዋል፤ ባይፓስ ተሠርተዋል» የሚለው ይሁን።